ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለመነገድ የሚሸጡ ርካሽ መመሪያዎች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌግራም ላይ በ200 እና በ300 ብር የሚሸጡ «ከቤትዎ ሆነው ይነግዱ» የሚሉ ፒዲኤፎች በዝተዋል። ለመግዛት ያሰቡም፣ ገዝተው ግራ የገባቸውም የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት የብር መጠኖች ለምሳሌ የገቡ ስለሆኑ፣ በእጃችሁ ባለው ዋጋ እየተካችሁ አስሉ።

በ300 ብር መመሪያ ገዝቼ ምን አገኛለሁ?

ጥሩ ከሆነ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፦ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር እና ነጋዴዎቹ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ትርጉም። ይህም ቀላል አይደለም፤ ከዩቲዩብ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እየለቀሙ የሚያጠፉትን ሁለት ሳምንት ያድንላችኋል። ደንበኛ ግን አይሰጣችሁም፤ ዕቃ የት እንደሚረክስ፣ ማን በወቅቱ እንደሚያደርስም አይነግራችሁም። እነዚህን ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከከዚራና ከመጋላ እንጂ ከፒዲኤፍ አታገኟቸውም።

ጥሩውን ከመጥፎው ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልለይ?

ሻጩን ማውጫውንና ከመሐል ሦስት ገጽ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሁልጊዜ ያምራሉ፤ መሐሉ ነው የሚያጋልጠው። ፈቃደኛ ካልሆነ ተዉት።

ገጾቹ ሲደርሷችሁ ገንዘብ አቀባበሉን ፈልጉ። «ፔይፓል ክፈቱና ክፍያችሁን ተቀበሉ» የሚል ከሆነ ለኢትዮጵያ አልተጻፈም፤ ፔይፓል ከዚህ ሆኖ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አያገለግልም። ቀጥሎ የዶላሩን ምንዛሪ እዩ። አንዱን ዶላር በ55 ብር የሚያሰላ መመሪያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ነው። ሽፋኑ ላይ «የ2018 አዲስ እትም» ቢልም ውስጡ አርጅቷል።

ሌላው ፈተና የቅጂ ፈተና ነው። አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ጉግል ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ «ስማችሁን ጽፋችሁ መልሳችሁ ሽጡ» በሚል ፈቃድ በጅምላ የሚሸጡ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አሉ፤ ብዙዎቹ ርካሽ መመሪያዎች በማሽን የተተረጎሙ የእነዚያ ጽሑፎች ቅጂ ናቸው። በአማርኛ ባታገኙትም «ጋራዣችሁን አጽድታችሁ መጋዘን አድርጉት» ዓይነት ምክር ካያችሁ ከየት እንደመጣ ገብቷችኋል።

የገቢ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የስልክ ስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥር በደቂቃ ውስጥ ይቀየራል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚያሳየው የገባውን ነው፤ የወጣውን አያሳይም።

ነፃ ቪዲዮ ሞልቶ ለምን እከፍላለሁ?

ጊዜ ካላችሁ አትክፈሉ።

ታዲያ በወር ስንት አገኛለሁ?

በጣም የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ቁጥር ይዘን እንሂድ። መመሪያዎቹ የሚወዱት ምሳሌ «ልብስ በ900 ገዝታችሁ በ1,200 ብትሸጡ፣ በአሥር ዕቃ 3,000 ብር» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ግን ስሌቱ እዚያ ላይ ቆሟል።

እኛ እንቀጥል። አንዱ ዕቃ ላይ ልዩነቱ 300 ነው። ማሸጊያ 15፣ ከመጋላ ሳቢያን የኮንትራት ባጃጅ 80፣ የዳታ ወጪው ለዕቃ ሲካፈል 25 ብር በሉ። 120 ወጣ፣ 180 ቀረ። አሁን ደግሞ ከአሥር ትእዛዝ ሁለቱ ይከሽፋሉ እንበል፤ ልኩ ጠበበ ይባላል፣ ወይም ስልክ አይነሳም። ባጃጁ ሄዶ ይመለሳል፤ በአንዱ 160፣ በሁለቱ 320 ብር ነው። ስምንቱ የተሸጡት 1,440 አስገቡ፤ 320 ሲቀነስ 1,120 ብር። መመሪያው 3,000 ባለበት ቦታ በእጃችሁ የገባው ይህ ነው። በወር ሃያ ትእዛዝ ቢመጣ 2,240 ይሆናል፤ ለጀማሪ ደግሞ ሃያ ትእዛዝ ብዙ ነው።

ይህን ያየነው ልናስፈራራ አይደለም። ስሌቱ በትክክል ሲሠራ የሚስተካከለው ቦታ ይታያል። ማድረሻው ነው ትርፉን የሚበላው፤ ስለዚህ የከሸፈ ትእዛዝን መቀነስ አዲስ ደንበኛ ከማምጣት ይበልጣል። ልብሱን ከመላካችሁ በፊት የደረቱንና የወገቡን ስፋት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ «ሚዲየም» ብቻ አትበሉ፣ የቻይናው ሚዲየምና የቱርኩ ሚዲየም አይገናኙም። የባጃጁን ሂሳብ ቀድማችሁ አስከፍሉ። ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በአንድ ሰፈር ያሉትን ሰብስባችሁ አድርሱ፤ አንድ የሳቢያን ጉዞ ለአራት ደንበኛ ሲካፈል 80ው ወደ 20 እና 30 ይወርዳል።

ካፒታል የለኝም። «ያለ ምንም ብር ይጀምሩ» የሚለው እውነት ነው?

ያለ ዕቃ መጀመር ይቻላል፣ ያለ ብር ግን አይቻልም። ዳታ፣ ባጃጅ፣ ማሸጊያ የእናንተ ነው። አሥር ልብስ በ900 ብር ብትገዙ 9,000 ብር ቤት ውስጥ ተቀመጠ ማለት ስለሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሱቅ ባለቤቶችን አነጋግራችሁ ዕቃቸውን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ፤ ትእዛዝ ሲመጣ ሄዳችሁ ውሰዱ። ይህ አካሄድ የሚበላሸው በአንድ ቦታ ነው፦ ፎቶው ቴሌግራም ላይ እያለ ሱቁ ውስጥ ዕቃው ይሸጣል፣ እናንተ ደግሞ ገንዘብ ተቀብላችኋል። ስለዚህ ብር ከመቀበላችሁ በፊት ሁልጊዜ ለሱቁ ደውሉ። ማታ ከሆነና ሱቁ ከተዘጋ ደንበኛውን «ጠዋት አረጋግጬ እነግርሃለሁ» በሉት። የሚጠብቅ ይጠብቃል።

ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ገዝቼ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች ልላክ?

መመሪያዎቹ ይህን እንደ ድሬ ልጅ ልዩ ዕድል አድርገው ያቀርቡታል። ዋጋው እውነትም ይረክሳል፤ ምክንያቱን ግን ጠይቁ። ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድ ወይም ደረሰኝ የሌለው ኤሌክትሮኒክስና ጨርቅ መንገድ ላይ፣ አዋሽ ኬላ ሲደርስ፣ ሊያዝ ይችላል። ከተያዘ ደንበኛው ብሩን ይጠይቃችኋል፣ ዕቃው አይመለስም፣ መዘዙም በላኪው ላይ ነው። ደረሰኝ ያለውን ብቻ ላኩ፤ ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር አያይዙ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ካጋጠማችሁ በዋጋው አትታለሉ።

ደንበኛው የከፈለበትን ስክሪንሾት ልኳል። ዕቃውን ልልቀቅ?

አትልቀቁ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ ሥራውን አቅልሎታል፤ ሐሰተኛ ስክሪንሾትም አብሮ መጣ። የምታምኑት የራሳችሁን መተግበሪያ ነው። ገብታችሁ የግብይት ታሪኩን ክፈቱ፤ የላኪው ስም፣ መጠኑና የግብይት ቁጥሩ ደንበኛው ከላከው ጋር አንድ መሆኑን አንድ በአንድ አመሳክሩ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። ለባንክ ዝውውርም እንዲሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ተመልከቱ።

ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ደንበኛው «አቦ፣ ብሩ ገብቷል እኮ፣ ኔትወርክ ነው» ሲል ነው ሰው የሚሸነፈው። ለአድራሹ ቀድማችሁ ንገሩት፦ እኔ ደውዬ «ስጥ» ካላልኩህ አትስጥ።

ሌላም አለ፦ «በስህተት 2,000 ልኬልሃለሁ፣ 800ውን መልስልኝ» የሚል። ታሪኩን ሳታዩ ሰባራ ሳንቲም አትመልሱ።

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ገቢ ይገኛል የሚሉ መመሪያዎችስ?

ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይ፣ ከዚያም ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ (ወይም በአጫጭር ቪዲዮ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ዕይታ) ይጠይቃል። ፕሮግራሙ የሚሠራባቸውን አገሮች ዝርዝር በራሱ በዩቲዩብ የእገዛ ገጽ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡ፤ መመሪያው የነገራችሁን አትመኑ። ገንዘቡ የሚከፈለው የማስታወቂያ ገቢ በሚከፍለው በጉግል አድሴንስ በኩል ሲሆን፣ ሂሳባችሁ 100 ዶላር እስኪሞላ አይላክም።

ርካሽ መመሪያ ፈጽሞ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። አድሴንስ ሂሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ የሚስጥር ቁጥር በወረቀት፣ በፖስታ ይልካል። እዚህ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። «ሳቢያን፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ብላችሁ ብትሞሉ ወረቀቱ አይደርስም፤ ቁጥሩ በ4 ወር ውስጥ ካልገባ ደግሞ ማስታወቂያው ይቆማል። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለውን ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት አስፈቅዳችሁ፣ ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ጽፋችሁ፣ አስቀድማችሁ ሙሉት።

ቲክቶክ ለቪዲዮ ዕይታ የሚከፍለው ለጥቂት አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ ውስጥ የለችም። በውጭ አገር ስልክ ቁጥርና ቪፒኤን «ይከፈታል» የሚለው ምክር አካውንት ያዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ቲክቶክን ለዕቃችሁ ማስታወቂያ ተጠቀሙበት፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

አፊሊየትስ (የሌላውን ዕቃ ሊንክ ለጥፎ ከሽያጩ ድርሻ ማግኘት)? «ሊንክ ለጥፎ መብላት» ይሉታል።

የአማዞን አፊሊየት በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣችሁ አካውንቱን ይዘጋል። ከእናንተ ሊንክ የሚገዛው ማነው? የቴሌግራም ተከታያችሁ የድሬ ሰው ከሆነ የውጭ ካርድ የለውም፣ ቢኖረውም ዕቃው እዚህ በቀላሉ አይደርስም። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ከሌላችሁ እለፉት።

ፍሪላንስ (ለውጭ ደንበኛ በሥራ ብዛት እየተከፈለ በኢንተርኔት መሥራት) ልሥራ ወይስ ዕቃ ልሽጥ?

ሙያ ካላችሁ (ትርጉም፣ ዲዛይን፣ ሂሳብ፣ ኮድ) ፍሪላንስ። ፍሪላንሰርንና ደንበኛን የሚያገናኘው ድረ ገጽ ፋይቨር ከገቢው 20 በመቶ ይወስዳል፤ የ10 ዶላር ሥራ 8 ዶላር ነው፣ ከዚያም የማውጫ ክፍያ አለ። አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማሊኛን አንድ ላይ የሚችል የድሬ ልጅ በትርጉም ሥራ ጥሩ ቦታ አለው። ሙያ ከሌላችሁ መመሪያ አንብቦ በወር ውስጥ ፍሪላንሰር መሆን አይሆንም፤ ሙያውን መጀመሪያ ተማሩ። ብሩን ወደ ባንካችሁ የምታወጡበትን መንገድ የመጀመሪያውን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሐረር ነኝ። የሐረር ስፌትና ቡና ወደ ውጭ መሸጥ አዋጭ ነው?

ስፌቱ ፈላጊ አለው። ችግሩ ማጓጓዣው ነው፤ «ቀላል ስለሆነ በርካሽ ይላካል» የሚለው ስህተት ነው። የአየር ማጓጓዣዎች ክብደቱንና ቦታ የሚይዝበትን መጠን አወዳድረው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ርዝመት ሲባዛ ወርድ ሲባዛ ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ ለ5,000 ይካፈላል። 40 በ40 በ15 የሆነ ካርቶን 24,000 ነው፤ ለ5,000 ሲካፈል 4.8 ኪሎ። ውስጡ ያለው ስፌት ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላ ይሆናል። የ4.8 ኪሎ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ትንንሽ ስፌቶችን በትልቁ ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ካርቶን መላክ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ጠፍጣፋውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን መምረጥ ይሻላል።

ፎቶው ላይ ስፌቱን ከአጠገቡ የቡና ስኒ አስቀምጣችሁ አንሱት፤ ገዢው መጠኑን በዓይኑ ይለካዋል። የወርዱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ቀለሙ በስልክ ላይ እንደሚደምቅ ተናገሩ። የተሰፋበትን ጊዜ በወር ወይም በሳምንት ግለጹ፤ ዋጋውን የሚያስረዳው እሱ ነው። አንድ ዓይነት ሃያ ስፌት አትቀበሉ፤ የእጅ ሥራ ነውና ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይመሳሰልም፣ ሰፊዋም በገዢው ቀጠሮ አትሠራም።

ቡናን ውጭ ለመሸጥ የወጪ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሻንጣ የሚሄድ ስጦታ ሌላ፣ ንግድ ሌላ ነው። ተቆልቶ የታሸገ የሐረር ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ግን ለጀማሪ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ የተቆላበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ጻፉ፤ ከተቆላ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሳያድር አጥብቃችሁ አትዝጉት፣ ቡናው ጋዝ ስለሚለቅ ማሸጊያው ይነፋል።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

በቋሚነት የምትነግዱ ከሆነ አዎ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው፤ ቤት ውስጥ ወይም ቴሌግራም ላይ መሆኑ ነፃ አያወጣም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ የከተማውን ንግድ ቢሮ የምትሠሩበት ዘርፍ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚፈልግ ጠይቁ። የኪራይ ቤት ከሆነ ውሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ አከራዩ ሳያውቅ አድራሻውን መጠቀም በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ከደንበኛ ጋር የተጻጻፋችሁትን አትሰርዙ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያሳጣውም።

መመሪያው «ይህን ፒዲኤፍ መልሳችሁ ሽጡ፣ ሰው ጨምሩ» ይላል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው በጽሑፍ ሳይፈቅድ አባዝቶ መሸጥ የቅጂ መብት አዋጁን (ቁጥር 410/1996) ይነካል። ገቢው የሚመጣው ሰው በማስገባት ከሆነ ደግሞ ፒራሚድ ነው፤ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ሽያጭ ነው። የመጨረሻዎቹ የገቡት ሁልጊዜ የሚከስሩት ሌላ የሚያስገቡት ሰው ስለሌለ ነው፤ ድሬ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ስለሆነ፣ የከሰረው ሰው የአክስታችሁ ልጅ ይሆናል።

«ቪዲዮ ላይክ እያደረጋችሁ በቀን 500 ብር፣ ግን መጀመሪያ 3,000 አስገቡ» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላሉ፤ ያ የእናንተው ወይም የጎረቤታችሁ ብር ነው።

ሙቀቱና ኔቱ እንዴት ይቻላል?

በድሬ ቀትር ላይ ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ቪዲዮ መጫን ስልኩን ያግላል፣ እንዲቀዘቅዝም ራሱን ይዘጋል፣ ባትሪውም ሊያብጥ ይችላል። መጫኑን ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ አድርጉት። ፎቶም ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ፤ የቀትሩ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል። ሁለት ሲም ያዙ፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ከድሬዳዋ ስለሆነ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አለ። ቴሌግራም ላይ መላኪያውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ሰዓት ቀጥራችሁ እንድትለጥፉ ያስችላል፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የሳምንቱን አዘጋጁ።

መመሪያውን ገዝቻለሁ። ከየት ልጀምር?

አንብባችሁ ሳትጨርሱ ጀምሩ። ሦስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ምረጡ። እያንዳንዱን ልጥፍ በአንድ አቀማመጥ ጻፉ፦ ምንነቱ፣ ልኩ፣ ዋጋው፣ ያላችሁበት ሰፈር፣ ማድረሻው ስንት እንደሆነ፣ ካልሆነ እንዴት እንደሚመለስ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» አትበሉ፤ ገዢው ዋጋውን ለማወቅ መለመን አይፈልግም፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ስትመልሱ ትውላላችሁ። ዋና ዋናውን መረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አድርጉት፤ ሦስት መስመር ተጨማሪ ሥራ ነው።

ሰዓቱን ከከተማው ጋር አስተካክሉ። ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁም ሰዉም ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት የተላከ ባጃጅ የተዘጋ በር ያንኳኳል። ማድረሻውን ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ልጥፉን ደግሞ ምሽት አድርጉ።

ደብተር ግዙ። የገባ፣ የወጣ፣ የከሸፈ ትእዛዝና የከሸፈበት ምክንያት፤ አራት ዓምድ ይበቃል። የራሳችሁን ጊዜም በሰዓት መዝግቡ።

ገዝቼ ምንም አልረባኝም፤ ብሬን ማስመለስ እችላለሁ?

ለፋይል ሽያጭ ብዙ ጊዜ አይመልሱም። ከመግዛታችሁ በፊት የተጻፈ የመመለስ ቃል ካለ ስክሪንሾቱን ይዛችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ 300 ብሩን ትታችሁ የሻጩን «ቪአይፒ ቻናል» በ3,000 ብር አትግዙ። የመጀመሪያው ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ለመሸጥ ነው።

እስከ መቼ ልሞክር?

60 ቀን። በሳምንት አራት ልጥፍ ቢሆን ሠላሳ ግድም ይሆናል። ዘመድና ጓደኛን ሳትቆጥሩ የማታውቁት ሰው ስንት ጊዜ ገዛ? አንድም ካልገዛ ዕቃውን ቀይሩ፤ መመሪያ አትቀይሩ። ከገዛና ትርፉ ባጃጁን ካልሸፈነ ደግሞ ዋጋውን ወይም ማድረሻውን አስተካክላችሁ ለሌላ ወር ቀጥሉ።